ውለታ ነው ወይስ ዕዳ?

በጎ ሥራ ሁሉ በአደባባይ የሚነገር አይደለም። ድልድይ የሠራ ሰው ድልድዩን ያሳያል፤ የተራበ ያበላ ሰው እርሱ ዝም ቢል እንኳ የበላው ይመሰክርለታል። ነገር ግን በማዕድ ላይ የማይነሡ፣ ለእንግዳ የማይተረኩ፣ ሠሪውም ከፈጸመ በኋላ እጁን ታጥቦ ዝም የሚልባቸው በጎ ሥራዎች አሉ። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ከእንደዚህ ካለው ሥራ የተነሣ ነው፤ ይኸውም መነካትን የማይወድ የተኮላሸ ፈረስ የብልቱን አፎት ስለ ማጠብ ነው። ነገሩ ለመጽሔት የማይገባ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን እንለምነዋለን። ጥያቄው የፈረስ ብቻ አይደለምና። እምቢ ለሚለን ፍጥረት በጎ ማድረግ ይገባናልን? የሚገባንስ ከሆነ በምን ዓይነት እጅ?

ገፈርሳ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፣ ከቡራዩ አጠገብ የሚገኝ ደጋ ነው። ስሙ በኦሮምኛ ጎሽ ማለት ነው። ዛሬ በሜዳው ላይ ጎሽ አይታይም፤ የሰው እጅ የማይደፍረው ያ አውሬ በስሙ ብቻ ቀርቷል። በዚያ የተገደበው ውሃ ከርእሰ ከተማችን ቀደምት የመጠጥ ውሃ ግድቦች አንዱ ነው፤ ስለዚህ ከከተማው ነዋሪዎች ብዙዎቻችን ገፈርሳን በዐይናችን ሳናይ በውሃው ፊታችንን ታጥበናል። በወርኀ ኅዳርና ታኅሣሥ ሣሩ ማለዳ በውርጭ ይነጣል፤ በባሕር ዛፉ መካከልም የፈረሶች ትንፋሽ እንደ ጢስ ሲወጣ ይታያል። በዚያ አገር ፈረስ ጋሪ ይጎትታል፣ እህል ይጭናል፣ ሠርገኛና ለቀስተኛ ያደርሳል፤ ሲመቸውም ለበዓል ያጌጣል።

አጎታችን ከዚህ ዓለም በሞት በተለዩ ጊዜ በዚሁ በገፈርሳ ያለ ጥቂት መሬትና አንድ ዳማ፣ ግንባረ ቦቃ ፈረስ ተረከብን። ፈረሱ በልጅነቱ የተኮላሸ ነው። ለጭነትም ለኮርቻም ገራም ሲሆን አንድ ዐመል ነበረው፤ ከእንብርቱ ወደ ኋላ እጅ ሲያልፍ አይወድም። አጎታችን ይህን ዐመሉን ያውቁ ስለ ነበረ እንዳልነኩት፣ ከእርሳቸውም በኋላ ማንም እንዳልነካው ተረዳን። እኛም ቅዳሜ ቅዳሜ ከመሥሪያ ቤት ሥራ ዐርፈን ስንሄድ ጋማውን እናበጥርለት፣ ሰኮናውን እናይለት፣ ኮርቻውን እንወለውልለት ነበር። የሚታየውን ሁሉ አጠራን፤ የማይታየውን ግን ተውነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንግለጥ። የወንድ ፈረስ ብልት በሥራ ጊዜ የሚሸሸገው በሁለት እጥፍ ቆዳ በተሠራ አፎት ውስጥ ነው። በእጥፋቱ መካከል ከቆዳው የሚመነጭ ቅባት፣ የረገፈ ቆዳና አቧራ ተደባልቀው ጥቁር ወይም ግራጫ እድፍ ይሆናሉ። ኮርማ ፈረስ ከባዝራ ጋር ሲገናኝ ብልቱን ፈጽሞ ስለሚያወጣ እድፉ ብዙ ጊዜ በዚያው ይወገዳል፤ የተኮላሸው ግን አንዳንዱ በሽንት ጊዜ እንኳ ፈጽሞ አያወጣም። ከዚህም የተነሣ እድፉ ይከማቻል። በብልቱ ጫፍ፣ በሽንት መውጫው ዙሪያ ባለው ጎድጓዳ ስፍራ ደግሞ ይኸው እድፍ ደርቆ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ድብልብል ሊሆን ይችላል። ይህ ሲያድግ ሽንት መውጫውን ይጫነዋል፤ ፈረሱም በጭንቅ ይሸናል፤ ሽንቱ ይቀጥናል ወይም ይበታተናል፤ አፎቱ ያብጣል፤ ይከረፋል፤ ዝንብ ይሰበስባል።

የእኛም ፈረስ እነዚህን ምልክቶች አሳየ። ያየነው እኛ አይደለንም፤ ከብት የሚጠብቅ የጎረቤት ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ፈረስዎ ሲሸና ይጨነቃል» አለን። በዚያ ጊዜ የተሰማን ስሜት ርኅራኄ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍነው ነበር። እውነቱን ለመናገር የተሰማን እፍረት ነው፤ እፍረትም መጥፎ መካሪ ነው። ልናስወግደው የቸኮልነው የፈረሱን ጭንቅ ሳይሆን የራሳችንን እፍረት ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስት ጐልማሶች ጠርተን፣ ፈረሱን ከግንድ ጋር አጠጋግተን አሰርነው። የኋላ እግሩን በጠፍር ጠለፍን፤ የላይኛውን ከንፈሩን በገመድ ጠመዘዝን። በቀዝቃዛ ውሃና ለልብስ በምንጠቀምበት ሳሙና እድፉን ፈገፈግን። ፈረሱ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ጉልበቱም ተላጠ። ሥራው ሲፈጸም አንደኛው ጐልማሳ «ነገ ያመሰግንዎታል» አለን። እኛም ይህን አምነን፣ እንደ ድል አድራጊ ደስ ብሎን ወደ ከተማ ተመለስን።

በሳምንቱ ስንመለስ ፈረሱ ገና ከሩቅ ሲያየን ወደ ሜዳው ዳር ሸሸ። ገብስ ብናሳየው አልመጣም። ቀድሞ እንብርቱን አልፎ መነካትን ብቻ የማይወድ ፈረስ አሁን ጎኑን እንኳ ስንዳስሰው ይራገጥ ጀመር። አፎቱም አብጦ ነበር። ንጹሕ ፈረስ ያገኘን መስሎን የሚያምነንን ፈረስ አጣን።

የእንስሳት ሐኪም አስመጣን። ሐኪሙ ማረጋጊያ መርፌ ወጋውና ፈረሱ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ጡንቻውም ልል ብሎ ብልቱን ባወጣ ጊዜ በለብታ ውሃ ቀስ ብሎ አጥቦ መረመረው። ሁለት ነገር አገኘ። አንደኛው፣ እኛ በዚያ ሁሉ ትግል ያልደረስንበት ድብልብል በሽንት መውጫው አጠገብ እንዳለ ተቀምጦ ነበር። ሁለተኛው፣ በአፎቱ እጥፋት ውስጥ የተላጠ ቁስል ነበር፤ ይኸውም ኀይለኛው ሳሙናና የእኛ ፍግፈጋ የፈጠረው ነው። «አሁን ቢራገጥ ዐመል ብለህ አትቅጣው፤ የሚያመውን ነው የሚነግርህ» አለን። ስለ ሳሙናውም ሲመክረን፣ በዚያ ስፍራ የሚኖሩ የማይጎዱ ረቂቅ ነፍሳት ስላሉ በብርቱ ሳሙና መፋቅና ያለ ምክንያት አዘውትሮ ማጠብ ቆዳውን ከመጥቀም ይልቅ እንደሚጎዳው ገለጠልን። ሁሉም ፈረስ በየጊዜው መታጠብ የሚያስፈልገው አይደለም፤ ሁሉም ግን መታየት ያስፈልገዋል።

የሐኪሙ ቃል በልባችን ሲመላለስ፣ ከአጎታችን ጋር የኖሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ያደረግነውን ሰምተው መጡ። እርሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ ፈረስ ያረቡ ሰው ናቸው። እኛም ለራሳችን ጠበቃ ሆነን «አባባ፣ በጎ ልናደርግለት ነው እኮ፤ ውለታችንን ባያውቅ ምን እናድርግ?» አልናቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው «ልጄ፣ ማን አኮላሸው?» አሉን።

«አጎቴ።»

«ስለ ምን?»

«እንዲገራ፤ እንዳያስቸግር።»

«ማንን እንዳያስቸግር?»

መልስ አልነበረንም። እርሳቸው ቀጠሉና «እርሱ ኮርማ ሆኖ ከባዝራዎቹ ጋር ሜዳ ላይ ቢቀር ኖሮ ምናልባት የማንንም እጅ ባልፈለገ ነበር። ለእኛ እንዲመች ብለን ከእርሱ ወሰድን። አሁን ያንን ስፍራ ብታጥብለት ውለታ ነው አትበል፤ ዕዳ ነው። ዕዳውን የሚከፍል ሰው ደግሞ ባለገንዘቡን አስሮ አይከፍልም» አሉን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ቃል ስንመረምረው ቆይተናል። በእውነቱ በውለታና በዕዳ መካከል ያለው ልዩነት የቃል ብቻ አይደለም። ውለታ የዋለ ሰው ምስጋና ይጠብቃል፤ ምስጋናው ሲቀር ይቈጣል፤ ሲቈጣም እጁ ይከብዳል። ዕዳ የሚከፍል ሰው ግን የሚጠብቀው ነገር የለም። ባለዕዳው ፊቱን ቢያጠቁርበት፣ «ዛሬ አይደለም፣ ነገ ና» ቢለው፣ ነገ ይመጣል። እንግዲህ በዚያች ቅዳሜ እጃችንን ያከበደው የፈረሱ እምቢታ አይደለም፤ ውለታ እየዋልን ነው ማለታችን ነው።

የፈረስ ማኮላሸት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊው የጦር ሰውና ጸሐፊ ዜኖፎን፣ ክፉ ዐመል ያላቸው ፈረሶች ሲኮላሹ መንከስና መፈንጨት እንደሚተዉ፣ ለጦርነት ያላቸው ብቃት ግን እንደማይቀንስ ጽፏል። በአገራችንም ቢሆን ከፈረስ ያልወሰድነው ምን አለ? ጀርባውን ወስደናል፤ ጕልበቱን ወስደናል፤ ክብሩን እንኳ ለስማችን ወስደናል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላም አባ ነጋ ተብለው የተጠሩት በፈረስ ስም ነው። አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብለዋል፤ ይህም ከደረሱ በኋላ ያለው ሥራ የሰውየው ነው ማለት ነው። እኛ ደግሞ ካደረሰን በኋላ እርሱን መንከባከብም ከሰውየው ሥራ የሚቈጠር ነው እንላለን።

አሁን አንድ ሰው ተነሥቶ «ያኮላሹት አጎታችሁ ናቸው፤ እናንተ ያልሠራችሁትን ስለ ምን ትከፍላላችሁ?» ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። እኛም በመጀመሪያ በዚሁ ሐሳብ ልንጠለል ቃጥቶን ነበር። ነገር ግን መሬቱን ስንረከብ «ይህ የአጎታችን ነው፤ ለእኛ አይገባንም» አላልንም። ፈረሱን ጭነን ስንሄድም «ይህን ያስገሩት እርሳቸው ናቸው» ብለን በእግራችን አልሄድንም። ጥቅሙን ወርሰን ዕዳውን ከሟቹ ጋር ልንቀብረው አንችልም። የፈረሱን ጀርባ የወረሰ ዕዳውንም ወርሷል። ይህ ነገር በመንግሥት ሥራ ላይ ላለን ሰዎች የተለየ ትምህርት አለው። ከእኛ በፊት በነበረው ሹም ዘመን በደል የደረሰበት ባለጉዳይ ፊቱን አጥቍሮ ሲገባ «እኔ አላደረግሁትም» ማለት ይቀናናል። ወንበሩን ግን ተቀብለናል።

ሌላም ተከራካሪ አለ። «ፈረስ አእምሮ የለውም፤ የሚበጀውን አያውቅም፤ ስለዚህ ፈቃዱን መጠየቅ ከንቱ ነው» ይላል። እውነት ነው፤ ፈረስ ስለ ድብልብሉና ስለ ሽንት መውጫው አያውቅም። እኛ ብናስረዳውም አይረዳም። ግን በዚያች ቅዳሜ ከእኛና ከፈረሱ መካከል ስለ ቁስሉ የበለጠ ያወቀ ማን ነበር? ቁስሉ የእርሱ ነበረ፤ የሚናገርበትም ቋንቋ እርግጫ ብቻ ነበረው። ዐዋቂ ነን ያልን እኛ የፈጠርነውን ቁስል ሳናይ ወደ ቤታችን ገባን። ከዚህ የምንማረው እምቢታ ሁልጊዜ ትክክል ነው ማለትን አይደለም። እምቢታ ሁልጊዜ ወሬ ነጋሪ ነው፤ ሳይሰሙት መቅጣት ግን መልእክተኛን መምታት ነው። ተማሪው ሰሌዳ ፊት ለመውጣት እምቢ ሲል መምህሩ፣ ገበሬው ለበጎ የታሰበለትን ዐዲስ ነገር አልቀበልም ሲል ሹሙ፣ ከመቈጣታቸው አስቀድመው «የት ላይ ነው የሚያምህ?» ብለው ቢጠይቁ ብዙ ድካም በቀረ ነበር።

እንግዲህ ኀይል ከቶ አይገባምን? እንዲህ ብንል እንዋሻለን። ፈረሱ መሽናት ፈጽሞ ቢሳነው በአንድ ቀን ውስጥ መርዳት ግዴታ ይሆናል፤ ፍቅርን ለማስተማር የሚጠበቅ ጊዜ የለም። ነገር ግን በእንዲህ ያለው ጊዜ እንኳ ጥበብ ከገመድ ይሻላል፤ ያለ ሕመምና ያለ ፍርሃት ለማረጋጋት የተማረ ሰው ሳለ ሦስት ጐልማሳ መጥራት የስንፍና ሥራ ነው። ደግሞም የችኮላው ምክንያት ምን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። ለእኛ ጊዜው የጠበበው ፈረሱ ስለ ታመመ ብቻ አልነበረም፤ ወራቱን ሁሉ በቸልታ ስላሳለፍነው ነው። በቸልታ የበላነውን ጊዜ ከፈረሱ ጉልበት ልናስመልስ ፈለግን። ብዙ ግፍ የሚሠራው ከክፋት ይልቅ ከዘገየ በጎነት ነው።

ቁስሉ ከዳነ በኋላ ሽማግሌው ያስተማሩንን ሥራ ጀመርን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም አላጠብንም። በግራ ትከሻው አጠገብ፣ ፊታችንን ወደ ጭራው መልሰን እንቆማለን፤ ከኋላው አንቆምም፤ አንዱ እጃችን በጀርባው ላይ ያርፋል፤ እርሱ ሊንቀሳቀስ ሲል አስቀድሞ የሚያስታውቀን ያ እጅ ነው። ሌላው እጃችን ከደረቱ ተነሥቶ በሆዱ ሥር ይሄድና እርሱ ከመሸማቀቁ ጥቂት ቀደም ብሎ ይቆማል። ዝም ብሎ ሲቆም እጃችንን እናነሣለን። ይህ ትንሽ ነገር ይምሰል እንጂ የትምህርቱ ሁሉ ሥር ነው፤ ሲራገጥ እጃችንን ብናነሣ መራገጥን፣ ሲረጋጋ ብናነሣ መረጋጋትን እናስተምረዋለን። ሽማግሌው በዚህ ጊዜ በራሱ በኩል ቆመው በኦሮምኛ ቀስ ብለው ያነጋግሩት ነበር። ምን እንደሚሉት ጠየቅናቸውና «ስለ ዝናቡ ነው የምነግረው፤ ነገሩ ምንም ይሁን፣ ድምፄ እንዳይቈጣ ነው» አሉን። ዜኖፎንም በፈረስ አያያዝ መጽሐፉ ወደ ፈረስ በቁጣ መቅረብ እንደማይገባ፣ ቁጣ አርቆ ማየት ስለሌለው ሰውን ለጸጸት እንደሚዳርገው መክሯል። ከሆዱ በታችም ማጠብ ማብዛት ፈረሱን እንደሚያስመርረው ማስጠንቀቁን ስናነብ፣ በሽማግሌውና በግሪካዊው መካከል ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ዓመታት እንዳሉ ዘነጋን።

ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በአራተኛው ሳምንት እጃችን እንብርቱን አለፈ። በሰባተኛው በለብታ ውሃ የራሰ ለስላሳ ጨርቅ አፎቱን ነካ። በዘጠነኛው ራሱን ዝቅ አድርጎ ትንፋሹን በረጅሙ አወጣ፤ እኛም ያጠብነው ጥቂት ነበር፤ ትተንለትም ሄድን። ሥራው ሊፈጸም የቻለው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የተጠቀምነው ለብታ ውሃ፣ ጓንትና ጨርቅ ብቻ ነው። ወጪው ምንም አይደለም፤ የከፈልነው ቅዳሜዎቻችንን ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ፈረሱ ዛሬ መታጠቡን ወደደው ብለን ብንደመድም ጽሑፉ ባማረ ነበር። እውነቱ ግን እንዲህ ነው፤ ዛሬም አይወደውም። እጃችን ወደዚያ ስፍራ ሲሄድ ጆሮው ወደ ኋላ ይዞራል፤ የጎኑ ቆዳ ዝንብ እንዳረፈበት ይንቀጠቀጣል። ነገር ግን ይቆማል። ማሰሪያው ልል ነው፤ ቢፈልግ መሄድ ይችላል፤ አይሄድም። ቀድሞ ይህን ብናይ «አመሰገነን» ባልን ነበር። አሁን እንዲህ አንልም። ባለገንዘቡ ከዕዳው ከፊሉን ተቀብሎ የቀረውን እንድንከፍል ጊዜ እንደ ሰጠን እንቈጥረዋለን እንጂ።

መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 12 ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ይናገራል። እኛ በዚያች ቅዳሜ ለእንስሳችን ገላ አስበን ነፍሱን ረሳናት። ለወደፊቱ በማናቸውም ሥራችን፣ በመሥሪያ ቤትም ሆነ በትምህርት ቤት፣ ወይም በገዛ ቤታችን፣ በጎ ልናደርግለት እጃችንን የምንዘረጋለት ሲሸሸን፣ ገመድ ከመፈለጋችን በፊት ይህችን የሽማግሌውን ጥያቄ ለራሳችን ብናቀርባት መልካም ነው፤ ይህ ሰው እጃችንን የሚፈልግ እንዲሆን ያደረገው ማን ነው? መልሱ ራሳችንን የሚነካ ቢሆን፣ ድምፃችን ዝቅ፣ እጃችንም ቀለል ይላል።